በኪራይ መኪና የክፍያ መንገድ ላይ ሲነዱ፦ ከቁልፍ ርክክብ እስከ መጨረሻው ሒሳብ

አክስቴ ለዘመድ ሠርግ ከአዲስ አበባ መጥታ ለስድስት ቀን መኪና ተከራየሁላት። ከስድስቱ ቀን በክፍያ መንገድ ያለፍነው አንድ ከሰዓት ብቻ ነው፤ በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት ውስጥ ከሬስተን ወደ አሌክሳንድሪያ ስንመለስ። መግቢያው ላይ 2 ዶላር፣ ዋናው በር ላይ 4 ዶላር፣ በጠቅላላው 6 ዶላር። አክስቴ አገሯ ከገባች ከሦስት ሳምንት በኋላ በክሬዲት ካርዴ ላይ የመጣው ሒሳብ ግን ለስድስቱም ቀን «የአገልግሎት» ክፍያ የታከለበት፣ ከመንገዱ ዋጋ ብዙ እጥፍ የሆነ ሒሳብ ነበር። ደውዬ ስከራከር ውሉን እንዳነብ ነገሩኝ። አነበብኩት። ተጽፏል፤ ፈርሜበታለሁ።

ከዚያ ወዲህ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ መኪና ለሚከራይ ወገን ሁሉ ይህንኑ ስናገር ኖሬአለሁ፦ የመንገዱ ክፍያ ትንሽ ነው፤ ኪስ የሚጎዳው በላዩ ላይ የሚታከለው ነው። የሚታከለው ደግሞ የሚወሰነው መኪናው ከማቆሚያው ከመውጣቱ በፊት ባሉት አምስት ደቂቃዎች ነው።

መጀመሪያ፣ ሒሳቡ እንዴት እርስዎ ዘንድ እንደሚደርስ ይወቁ

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በፈጣኑ መንገድ የነዳ ሰው መግቢያው ላይ ካርድ ተቀብሎ መውጫው ላይ ከፍሎ ማለፍን ለምዷል። እዚህ በብዙ ቦታ ገንዘብ የሚቀበል ሰው የለም። በመንገዱ አናት ላይ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ የብረት መዋቅር አለ፤ በላዩ አንቴናና ካሜራ ተደርድሮበታል። መኪናው ሳይቆም በሥሩ ሲያልፍ አንቴናው በፊት መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ኢዚፓስ የሚባል ትንሽ ሳጥን ይፈልጋል። ካገኘው ሒሳቡን ከሳጥኑ ባለቤት ላይ ይቆርጣል። ካላገኘው ካሜራው ታርጋውን ያነሳል፤ ሒሳቡም ታርጋው በስሙ ወደ ተመዘገበው ሰው ይሄዳል።

የኪራይ መኪና ታርጋ የተመዘገበው በአከራዩ ስም ነው። ስለዚህ እርስዎ ምንም ካላደረጉ ሒሳቡ መጀመሪያ አከራዩ ዘንድ ይደርሳል፤ አከራዩም የራሱን ጨምሮ ወደ እርስዎ ካርድ ያስተላልፈዋል። መውጫው ከሦስት አንዱ ነው፦ የራስዎን ኢዚፓስ መጠቀም፣ የአከራዩን አገልግሎት ዐውቀው መቀበል፣ ወይም ከክፍያ መንገዶች መራቅ። ሦስቱም ደግ ናቸው። ጉዳት የሚመጣው ሳይመርጡ ሲነዱ፣ ወይም ሁለቱ በአንድ መስታወት ላይ አብረው ሲሠሩ ነው።

ካውንተሩ ላይ፣ ከመፈረምዎ በፊት

ትልልቆቹ አከራዮች ለዚህ ጉዳይ የየራሳቸው አገልግሎት አላቸው። የኸርትዝ ፕሌትፓስ ይባላል፤ የኤቪስና የበጀት ኢ-ቶል፤ የኢንተርፕራይዝ፣ የናሽናልና የአላሞ ቶልፓስ። ብዙውን ጊዜ «ተመዝገብ» የሚልዎት ሰው የለም። በክፍያ በሩ ሥር ማለፍዎ ብቻ አገልግሎቱን እንደመቀበል ይቆጠራል፤ ይህም በውሉ ውስጥ በጥቃቅን ፊደል ሰፍሯል።

ስለዚህ ካውንተሩ ላይ ያለውን ሠራተኛ ሦስት ነገር ይጠይቁ። የቀኑ የአገልግሎት ክፍያ የሚታሰበው በክፍያ መንገድ ባለፍኩበት ቀን ብቻ ነው ወይስ ለኪራዩ ቀናት ሁሉ? ለአንድ ኪራይ ከዚህ አይበልጥም የሚባል ጣራ አለው? የመንገዱ ዋጋ ራሱስ የሚታሰበው ኢዚፓስ ላለው ሰው በሚሰጠው ቅናሽ ነው ወይስ በሙሉ ዋጋ? የመጀመሪያው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። የቀኑ ክፍያ 7 ዶላር ነው እንበል። ለአሥር ቀን ተከራይተው አንድ ቀን ብቻ በክፍያ መንገድ ቢያልፉ፣ በአንደኛው አሠራር 7 ዶላር፣ በሌላው ጣራ ከሌለው 70 ዶላር ይሆናል። መልሱን በቃል ብቻ አይቀበሉ፤ «ውሉ ላይ የቱ ጋ ነው?» ብለው በጣት ያስመልክቱ። ወረፋ ቢኖርም አይፈሩ። ከረጅም በረራ የወረደ ሰው ቶሎ ፈርሞ መሄድ እንደሚፈልግ ዐውቃለሁ፤ አክስቴም እኔም ያን ዕለት ያደረግነው ይህንኑ ነው።

ያልተገደበ የመንገድ ክፍያ በአንድ ዋጋ የሚሸጥ ጥቅል ካቀረቡልዎት ወዲያውኑ እሺ አይበሉ። ኒውዮርክ ደርሶ ለሚመለስ ሰው ሊያዋጣ ይችላል። ከሲልቨር ስፕሪንግ ዘመድ ቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ወደ ገበያ ለሚመላለስ ሰው ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

መኪናው ውስጥ፣ ሞተር ከማስነሳትዎ በፊት

ቀና ብለው የፊት መስታወቱን የላይኛውን መሐል፣ ከስፖኪዮው ጀርባ ያለውን ይመልከቱ። የሳሙና መያዣ የምታህል ፕላስቲክ ሳጥን ብዙ ጊዜ እዚያ ተለጥፋለች። በአውራ ጣት ገፋ ሲያደርጓት የምትንሸራተት ክዳን አላት። ክዳኑ ተከፍቶ ውስጡ ወደ ውጭ ሲወጣ አንቴናው ያነባታል፤ ገፍተው ሲዘጓት ቀጭ የሚል ድምፅ ትሰጣለች፣ አንቴናውም አያያትም። ከእርስዎ በፊት የነዳው ሰው ክፍት ትቷት ሊሆን ስለሚችል፣ ባይፈልጓት እንኳ በእጅዎ ነክተው መዘጋቷን ያረጋግጡ። በኋላ ክርክር ቢነሣ እንዲያግዝዎ ሳጥኗን እንደተዘጋች በስልክዎ ፎቶ አንሱ፤ ስልኩ ቀኑንና ሰዓቱን ራሱ ይይዛል።

ሳጥን የሌለባቸው መኪኖችም አሉ፤ እነዚህ የሚያዙት በታርጋቸው ብቻ ነው። በአንዳንዶቹ ላይ ደግሞ ወረቀት መሰል ቀጭን ተለጣፊ በመስታወቱ ላይ ይኖራል፤ እሱን መዝጋት አይቻልም። እንዲህ ያለ ካጋጠምዎ ወደ ካውንተሩ ተመልሰው ይጠይቁ። ከመውጣትዎ በፊት የመኪናውን ታርጋ ከኋላ በኩል ፎቶ ያንሡ፤ በውሉ ላይ ከተጻፈው ጋርም ያመሳክሩ።

የራስዎ ወይም የዘመድዎ ኢዚፓስ ካለ

እኔ የምመርጠው ይህን ነው። የአገልግሎት ክፍያ የሚባል ነገር የለበትም፤ የመንገዱንም ቅናሽ ያገኛሉ። ኢዚፓስ እ.ኤ.አ. በ1993 በኒውዮርክ ግዛት ሥራ ጀምሮ ዛሬ ከሜይን እስከ ፍሎሪዳ፣ ወደ ምዕራብም እስከ ኢሊኖይና ሚኒሶታ ድረስ በበርካታ ግዛቶች ያገለግላል። እንግዳ የሚቀበል ቤተሰብ የራሱን አውጥቶ ቢያውስ ይበቃል። ሆኖም ሳጥኑን መስታወት ላይ መለጠፍ ብቻውን በቂ አይደለም።

አስቀድመው ወደ ኢዚፓስ ሒሳቡ ገብተው የኪራዩን መኪና ታርጋ፣ ግዛቱን ጭምር፣ ይመዝግቡ። ብዙ ጊዜ «የኪራይ መኪና» የሚል ምርጫ አለ፤ የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ቀንና ሰዓት ይሙሉ። ለምን እንደሚያስፈልግ ልንገርዎ። አንቴናው አልፎ አልፎ ሳጥኑን ሳያነብ ይቀራል። ያን ጊዜ ካሜራው ታርጋውን ያነሳል። ታርጋው በእርስዎ ሒሳብ ላይ ከተመዘገበ ክፍያው እዚያው ይቆረጣል፤ ካልተመዘገበ በቀጥታ ወደ አከራዩ ይሄዳል።

ከዚያ የአከራዩን ሳጥን ዝጉ፤ የእርስዎን ከስፖኪዮው አጠገብ በመስታወቱ ላይ በደንብ አጣብቁ። ዳሽቦርዱ ላይ ማስቀመጥ ወይም በሩ ሲደርሱ በእጅ ከፍ አድርጎ ማሳየት ሁልጊዜ አይሠራም፤ ለአደጋም ያጋልጣል። ሁለቱም ክፍት ሆነው ከነዱ ለአንድ መንገድ ሁለት ጊዜ ሊከፍሉ ይችላሉ።

አንድ ማሳሰቢያ ለሌላ አካባቢ ሰዎች። የዲሲ ኢዚፓስ ቴክሳስ ውስጥ ዳላስ ላይ ምንም አያደርግልዎትም፤ በዚያ የሚሠራው ቶልታግ ነው። ዴንቨርና አውሮራ ላይ ኤክስፕረስቶል፣ ሲያትል ላይ ጉድ ቱ ጎ፣ ካሊፎርኒያ ላይ ፋስትራክ ነው የሚባለው። ዘመድ ወዳለበት ሲሄዱ የእሱን አገር ሳጥን ይዋሱ።

የዲሲ አካባቢ መንገዶች

እዚህ ላይ ረዘም ልበል፤ ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ነውና።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተሳፋሪ የሚያርፈው ደለስ ኤርፖርት ነው። ከኤርፖርቱ ሲወጡ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት መንገዶች ያገኛሉ። መሐል ላይ ያለው የኤርፖርት መዳረሻ መንገድ ነው፤ በነጻ ነው፣ ሊጠቀምበት የሚችለው ግን ለኤርፖርት ጉዳይ የሚመላለስ ብቻ ነው። በግራና በቀኙ የሚሄደው ደለስ ቶል ሮድ የሚባለው የክፍያ መንገድ ነው። ከኤርፖርት ወደ ዲሲ በቀጥታ ከሄዱ የነጻውን ይዘው ይሂዱ፤ ምልክቶቹን በእርጋታ ያንብቡ። ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሊስበርግ የሚወስደው ደለስ ግሪንዌይ ደግሞ የግል የክፍያ መንገድ ነው፤ ውድ ነው።

ወጥመዱ ቀጥሎ ነው። ያ ነጻ መንገድ ሲያልቅ የሚያገናኝዎ ከ66 ቁጥር መንገድ ጋር ነው። የ66 ቁጥር መንገድ ከቤልትዌዩ፣ ማለትም ዲሲን ዙሪያዋን ከሚከብባት የቀለበት መንገድ፣ ወደ ውስጥ ያለው ክፍል በሥራ ቀን ጠዋት ወደ ዲሲ ለሚገባ፣ ከሰዓት በኋላ ከዲሲ ለሚወጣ መኪና የክፍያ ነው። ጠዋት እንደ እኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 11:30 እስከ 3:30፣ ከሰዓት ከ9 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት። ምልክቱ ላይ ግን 5:30 – 9:30 እና 3:00 – 7:00 ተብሎ ነው የሚያዩት፤ ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ በዚህ እንዳይሳሳት ቀድመው ይንገሩት። በነዚህ ሰዓታት ኢዚፓስ የግድ ነው፤ ክፍያ የሌለበት ጎን ለጎን መስመርም የለም፣ መላው መንገድ ነው የሚከፈልበት። ዋጋው እንደ መኪናው ብዛት በየጥቂት ደቂቃው ይወጣል ይወርዳል። አሠራሩ በተጀመረበት በዲሴምበር 2017 የመጀመሪያ ቀናት ውስጥ 40 ዶላር ደርሶ እንደነበር የአካባቢው ሰው አይረሳውም። በሥራ ቀን ጠዋት ያረፈ መንገደኛ 66 ቁጥር ከመግባቱ በፊት ወደ ቤልትዌዩ ቢወጣ፣ ወይም ቡና ጠጥቶ 3:30ን ቢያሳልፍ ይሻለዋል።

በቤልትዌዩ በ495፣ እንዲሁም በ95 እና በ395 ላይ ያለው አሠራር የተለየ ነው። እዚያ የተለመደው ነጻ መንገድ ባለበት አለ፤ ኤክስፕረስ የሚባሉት የክፍያ መስመሮች ተለይተው የተሠሩ ናቸው። ዋጋው መግቢያው ላይ በትልቅ ሰሌዳ ይታያል፤ የሚቆረጥብዎት ሲገቡ ያዩት ዋጋ ነው። ሐምራዊ ቀለም ያለበት ምልክት ካዩ ያ መስመር የክፍያ ሒሳብ ላለው ብቻ ነው ማለት ነው። ሐምራዊን ያዩ ጊዜ ሳጥን ከሌለዎት በያዙት መስመር ይቆዩ።

ሦስትና ከዚያ በላይ ሰው የጫነ መኪና በነዚህ መስመሮች በነጻ ያልፋል ሲባል ሰምተው ይሆናል። እውነት ነው፤ ግን በሳጥኑ ላይ የሰው ብዛት መቀየሪያ ያለው ኢዚፓስ ፍሌክስ የሚባለው መኖር አለበት። በተራ ኢዚፓስ ሦስት ቀርቶ ሰባት ሰው ቢጭኑ ይከፍላሉ። ፍሌክስ ከተዋሱ መቀየሪያውን ከመነሳትዎ በፊት ያስተካክሉ፤ ሰው አውርደው ብቻዎን ሲመለሱም መልሱት፤ ካልመለሱት ቅጣት አለው።

ሜሪላንድ ውስጥ ከጌይተርስበርግ አካባቢ እስከ ሎረል የሚዘረጋው 200 ቁጥር መንገድ፣ አይሲሲ የሚሉት፣ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሮኒክስ ነው። ባልቲሞር ያሉት ሁለቱ ዋሻዎችም ጥሬ ገንዘብ መቀበል ካቆሙ ዓመታት ሆኗቸዋል። ሜሪላንድ ላይ በታርጋ ፎቶ የሚከፍል ሰው ኢዚፓስ ካለው የበለጠ ይከፍላል።

ኒውዮርክ ደርሶ ለመመለስ

በ95 ወደ ሰሜን ሲሄዱ በተራ የሚያገኙት ይህ ነው፦ የባልቲሞሩ ዋሻ፣ ከዚያ ፔሪቪል አጠገብ የሚከፈለው የሜሪላንድ አውራ ጎዳና፣ ደላዌር፣ ኒው ጀርዚ ተርንፓይክ፣ መጨረሻ ላይ ወደ ኒውዮርክ የሚያስገባው ድልድይ ወይም ዋሻ። የሜሪላንዱ አውራ ጎዳና የሚያስከፍለው ወደ ሰሜን ሲሄዱ ብቻ ነው፤ የሐድሰን ወንዝ መሻገሪያዎችም ወደ ኒውዮርክ ሲገቡ ብቻ። የደላዌር መታሰቢያ ድልድይ በተቃራኒው ወደ ደቡብ ሲመለሱ ያስከፍላል። ስለዚህ የደርሶ መልሱን ወጪ የመሄጃውን ሁለት እጥፍ ነው ብለው አያስሉ። ተርንፓይኩ ላይ ጥሬ ገንዘብ የሚቀበል መስኮት አለ፤ ካርዱን ከመግቢያው ተቀብለው አይጣሉት።

ማንሃተን ውስጥ ከ60ኛው ጎዳና በታች መኪና ይዘው ከገቡ ከጃኑዋሪ 5 ቀን 2025 ጀምሮ ሌላ ክፍያ አለ፤ በቀኑ ሰዓት ኢዚፓስ ላለው መኪና 9 ዶላር፣ በቀን አንድ ጊዜ። እንዲህ ባለ ጉዞ በሁለት ቀን ውስጥ ብዙ በር ስለሚያልፉ፣ የራስዎ ኢዚፓስ ከሌለ የአከራዩን ሳጥን ከፍቶ መሄድ ያዋጣል።

ከክፍያ መንገድ መራቅ ከመረጡ

በስልክዎ ካርታ ላይ ወደ መንገድ ምርጫው ገብተው የክፍያ መንገዶችን አስወግድ የሚለውን ያብሩ። ጎግል ማፕስም ዌዝም አላቸው። ኪራዩን በያዙ ቁጥር ይህ ምርጫ እንደበራ መሆኑን ያረጋግጡ። የሚሄዱበትን መንገድ ሳይነሱ በፊት አንድ ጊዜ በዓይንዎ ይዩት፤ እየነዱ ስልክ መነካካት የለም።

ተሳስተው ወደ ክፍያ መስመር ከገቡ እባክዎን አይቁሙ፣ ወደ ኋላ አይመለሱ፣ በመለያ ምሰሶዎቹ መሐል አይሹለኩ። ለጥቂት ዶላር ሲል ሰው እንዲሞት አልፈልግም። ቀጥ ብለው ይንዱና በሚቀጥለው መውጫ ይውጡ። በደኅና ቦታ ሲቆሙ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የመንገዱን ስም ይጻፉ። ከዚያ መጀመሪያ ለአከራዩ ደውለው ይህ ታርጋ በእነሱ የክፍያ አገልግሎት ውስጥ መኖር አለመኖሩን ይጠይቁ። ካለ እነሱ ይከፍሉታል፤ እርስዎም ከከፈሉ ሁለት ጊዜ ይሆናል። ከሌለ ወደ መንገዱ አስተዳደር ድረ ገጽ ገብተው ያለፈዎትን ክፍያ በታርጋው ቁጥር በዚያው ሳምንት ይክፈሉ። ደብዳቤው አከራዩ ዘንድ ከመድረሱ በፊት መቅደም ነው ጥቅሙ።

መኪናውን ሲመልሱ

የራስዎን ሳጥን ነቅለው ይያዙ። ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ቀጣዩ ተከራይ በእርስዎ ሒሳብ ይነዳል። በቦርሳ ይዘውት በሌላ መኪና ሲሄዱ እንዳይነበብ በአሉሚኒየም ወረቀት ይጠቅልሉት። ከዚያ፣ ገና ከግቢው ሳይወጡ፣ ወደ ኢዚፓስ ሒሳብዎ ገብተው ታርጋውን ይሰርዙ። የመለሱበት ሰዓት ያለበትን ደረሰኝ ይቀበሉ፤ ቁልፉን በሣጥን ውስጥ ጥለው የሚሄዱ ከሆነ መኪናውን እንደቆመ ፎቶ ያንሡ።

ውሉን፣ ደረሰኙንና ፎቶዎቹን ቢያንስ ለሦስት ወር አይጣሉ። የመንገድ ሒሳብ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ በባንክ ዝርዝርዎ ላይም በአከራዩ ስም ሳይሆን ፕሌትፓስ በመሳሰለ ስም ሊመጣ ስለሚችል «ማንም የማያውቀው ነው» ብለው ለባንኩ ከመክሰስዎ በፊት ያጣሩ። ካልገባዎት እያንዳንዱ ማለፊያ በቀን፣ በሰዓትና በቦታ የተዘረዘረበትን ይጠይቁ። ሰዓቱ መኪናውን ከመረከብዎ በፊት ወይም ከመለሱ በኋላ ከሆነ ደረሰኙን አያይዘው በጽሑፍ ይከራከሩ። ይህን ያደረጉ ዘመዶች ገንዘባቸው ሲመለስላቸው አይቻለሁ።

በስልክዎ «ያልከፈሉት የመንገድ ሒሳብ አለብዎት፤ ዛሬ ካልከፈሉ ይቀጣሉ» የሚል አጭር መልእክት ከነማስፈንጠሪያው ከመጣ ግን አይንኩት። ኤፍቢአይ ስለዚህ ማጭበርበር በኤፕሪል 2024 ሕዝቡን አስጠንቅቋል፤ በእናቶቻችንና በአባቶቻችን ስልክ ላይ ዛሬም እየመጣ ነው። በኪራይ መኪና የነዳ ሰው ደግሞ የሚለይበት ቀላል መንገድ አለው፦ ካሜራው ያነሣው የአከራዩን ታርጋ ነው፤ የመንገዱ አስተዳደር የእርስዎን ስልክ ቁጥር ከየት ያመጣዋል? መልእክቱን ያጥፉትና ለማረጋገጥ ከፈለጉ በውሉ ላይ ወዳለው የአከራዩ ስልክ ራስዎ ይደውሉ።